ትንቢትና አንድምታው

ስለ መሲሕ የተነገረ ትንቢት «ተፈጸመ» ሲባል ምን ማለት ነው? ብዙዎቻችን ነገሩን እንደ ቀጠሮ እናየዋለን። ነቢዩ ቀን ቆረጠ፣ ቀኑ ደረሰ፣ በቃ። ታሪኩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

ሆሴዕን እንውሰድ። በምዕራፍ 11 እግዚአብሔር ልጁን ከግብፅ መጥራቱ ይወሳል። ልጅ የተባለው እስራኤል ነው፤ ነገሩም በነቢዩ ዘመን ያለፈ ታሪክ ነበር። ማቴዎስ ግን ስለ ሕፃኑ ኢየሱስ ስደት ሲጽፍ ይኸው ቃል ተፈጸመ ይለናል። ታዲያ ማቴዎስ ተሳስቷል? የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ በዚህ አይጨነቅም። መምህሩ ቃሉን ከፈታ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍች ይጨምርበታል፤ ኋለኛው ፊተኛውን አይሽረውም። በየዓመቱ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ሲጾም፣ በታኅሣሥም ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ሲዘከሩ፣ ምእመኑ የነቢያቱን ናፍቆት የራሱ ያደርገዋል። ትንቢት የሚኖረው በሚጠብቀው ሕዝብ ዘንድ ነውና።

ይህን ይዘን ከአርባ ምንጭ ወደ ጋሞ ደጋ እንውጣ። ክርስትና እዚያ እንግዳ አይደለም፤ ጥንታዊቷ ብርብር ማርያም ምስክር ናት። አብዛኛው ገበሬ ግን በአያቶቹ ልማድ ይኖር ነበር፤ ለመልከኛው ይገብራል፣ ለመናፍስት ይሠዋል። በ1910ዎቹ ከዚሁ አገር ኤሳ ላሌ የሚባል ሰው ተነሣ። ለመናፍስት መሠዋት ይብቃ፣ ሰማይን የፈጠረውን ጦሳን ብቻ አምልኩ አለ። ሰዎች ጣታቸውን ማር እየነከሩ ወደ ሰማይ እየረጩ ይጸልዩ ጀመር። ቃሉ ወላይታ ድረስ ዘለቀ። የሕዝቡ መሰብሰብ ያሠጋቸው ሹማምንት ያዙት፣ አሠሩት።

በ1920 ዶክተር ቶማስ ላምቢና ጓደኞቹ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሲዮንን ሥራ በደቡብ ጀመሩ፤ ሶዶም አንዱ ጣቢያቸው ሆነ። ኤሳን የሰሙ ሰዎች ስብከቱን ሲያደምጡ «ያ ሰው የነገረን ይኼ ነው!» አሉ። የሚሲዮኑ መጻሕፍትም ኤሳን እንደ መጥምቁ ዮሐንስ መንገድ ጠራጊ አድርገው አሰፈሩት። በ1929 ጣሊያን ሚሲዮናውያኑን ሲያባርር በወላይታ የተጠመቁት 48 ያህል ነበሩ፤ ከነፃነት በኋላ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ ጠበቃቸው። በመካከሉ ያስተማረው የአገሩ ሰው እንጂ ፈረንጅ አልነበረም።

እኛ ከአማኞቹ ጋር ሙግት የለንም። ኤሳን ወንጌል ከመጣ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰው እንደ ትንቢት አነበቡት፤ ማቴዎስም ሆሴዕን ያነበበው እንዲሁ ነው። የምንቃወመው የፊተኛው ፍች እንዲጠፋ ነው። ኤሳ የሌላ ሰው ዋዜማ ብቻ ከሆነ፣ ገባሩ ገበሬ የገዛ አገሩ ሰው የተናገረውን ሰምቶ መሥዋዕቱን የተወበት የራሱ ታሪክ ይቀርበታል። የጋሞ ደጋ አሳብ አመንጪ መሆኑ ይረሳና አሳብ ከውጭ ሲመጣለት የሚጠብቅ አገር ይመስላል።

ስለዚህ ታሪኩን ስንጽፍ እንደ አብነት መምህሩ እናድርግ። ኤሳ ላሌ የጋሞ ሰው ነው፣ በራሱ ቋንቋ ለራሱ ሕዝብ የተናገረ። አንድም መንገድ ጠራጊ ነው። ከዚያው አገር የመጣችሁ ጓደኞቻችን እረፍት ስትወጡ ሽማግሌዎቹን ጠይቁልን። ሚሲዮኑ ምን አለ ብላችሁ ሳይሆን፣ ኤሳ ራሱ ምን አለ ብላችሁ።