ምሕላና ዶማ፤ በክፉ ቀን ዘመን ስለ ነበረው የቍጣ ትርጓሜ

በኢትዮጵያ ታሪክ ከ1880 እስከ 1884 ዓ. ም. ያለው ዘመን «ክፉ ቀን» እየተባለ ይጠራል። መከራውን በዐይኑ ያየው ክርስቲያን ሕዝብ የደረሰበትን ነገር የእግዚአብሔር ቍጣ ነው ሲል ተረጐመው። ይህ ትርጓሜ ላይ ላዩን ለሚመለከተው ሰው፥ ምክንያትን ካለመመርመርና እጅን አጣጥፎ ከመቀመጥ የመጣ ሊመስለው ይችላል። ዳሩ ግን በዚያ ዘመን የተባለውን ከተደረገው ጋር አስተያይቶ ለሚመረምር፥ «ቍጣ» የሚለው ቃል ነገርን የሚዘጋ ሳይሆን «እንግዲህ ማን ምን ያድርግ?» የሚል ጥያቄን የሚከፍት ቃል እንደ ነበረ ይገለጥለታል።

አስቀድሞ የመከራውን አካሄድ መግለጽ ያስፈልጋል። በአገራችን «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1887 ኢጣልያኖች ወደ ምጽዋ ባስመጧቸው ከብቶች ገባ። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ትግሬን፥ በጌምድርን፥ ጎጃምንና ሸዋን አዳረሰ፤ ከዚያም ወደ ደቡብ ወርዶ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ እስከ አፍሪቃ ደቡባዊ ዳርቻ ደረሰ። ከአገሪቱ ከብት ከዐሥሩ ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። ድርቅ፥ አንበጣና ተምችም ተጨመሩ። በደጋው አገር እርሻ ያለ ጥማድ በሬ የማይሆን ስለ ሆነ፥ በሬው ባለቀ ጊዜ ዝናም የጣለበት መሬት እንኳ ጦሙን አደረ። ከሕዝቡ ሢሶው አለቀ የሚለው ግምት በቈጠራ የተረጋገጠ ባይሆንም፥ የዘመኑ ሰው ጥፋቱን በምን ያህል መጠን እንዳየው ያመለክታል። ረኃቡ የሃይማኖትን ሥርዐት እንኳ አናጋ፤ ክርስቲያኑ የፈረስና የአህያ ሥጋ፥ ጥምብም ሳይቀር ለመብላት ተገደደ፤ ሬሳም ቀባሪ አጥቶ የጅብ ሲሳይ ሆነ።

ይህ ሕዝብ ስለ ዝናምና ስለ ምድር ፍሬ ያለው አሳብ በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቈጣጠር ውስጥ ተቀርጾ ይገኛል። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ያለው ዘመነ ክረምት በክፍል በክፍል ተለይቶ ይዜማል። መጀመሪያ ዘርዕና ደመና፥ ቀጥሎ መብረቅ፥ ነጐድጓድ፥ ባሕርና አፍላግ ይታሰባሉ። በነሐሴ አጋማሽ የሚውለው ክፍል ዕጕለ ቋዓትና ዐይነ ኵሉ ይባላል፤ ስሙም ወደ እግዚአብሔር የሚጮኹትን የቍራ ጫጩቶችና ምግባቸውን ከእርሱ የሚጠብቁትን ፍጥረታት ሁሉ ያመለክታል። ወሩ የአምናው እህል ጐተራውን የሚያጐድልበት፥ የዘንድሮውም ገና ያልደረሰበት ጊዜ ነው። እንግዲህ በዚህ ትምህርት መሠረት ዝናም የሚመጣው ከሰጪ ነው። ሰጪ ያለው ነገር ሲቀር ደግሞ «ስለ ምን ቀረ?» ብሎ መጠየቅ የግድ ይሆናል።

የጥያቄው መልስ ግን ሁልጊዜ በተራው ሕዝብ ኀጢአት ብቻ አላበቃም። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ እንደሚተርከው፥ በ9ኛው መቶ ዓመት በፓትርያርክ ዮሳብ ዘመን፥ ንጉሡ ለጦርነት በሄደበት ጊዜ ጳጳሱ አባ ዮሐንስ ከኢትዮጵያ ተባረሩ። ከዚያ በኋላ ዝናም ጠፋ፤ ቸነፈርም ሆነ። ንጉሡም ይህ በደል ያመጣው ነው ብሎ ጳጳሱ እንዲመለሱለት ወደ ፓትርያርኩ ላከ። በዚህ ታሪክ ቍጣው የተነሣው በቤተ መንግሥት በተሠራ በደል ነው፤ ካሣውም የተጠየቀው ከዚያው ነው። በየዓመቱ ከዐቢይ ጾም አስቀድሞ የሚጾመው የነነዌ ጾምም ተመሳሳይ ትምህርት አለው፤ ከዙፋኑ ወርዶ በዐመድ ላይ የተቀመጠው ንጉሡ ራሱ ነበርና። የተነገረው ፍርድም በንስሓ ተመለሰ። የእግዚአብሔር ሥልጣን እንደማይለወጥ ዕድል ሳይሆን፥ እንደሚለመን ዳኛ ታየ ማለት ነው።

የዐፄ ምኒልክ አሠራር መታየት የሚገባው በዚህ ልማድ ብርሃን ነው። ምሕላ እንዲያዝ ታዘዘ፤ ጐተራም ተከፈተ፤ ከየአገሩ የተሰደደው ረኃብተኛም ወደ እንጦጦ ጐረፈ። ጸሓፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ እንደ ጻፉት፥ ንጉሠ ነገሥቱ በሬ በጠፋበት ጊዜ በገዛ እጃቸው መሬት ቈፈሩ። መኳንንቱና ወታደሩ መሬት መቈፈርን እንደ ውርደት በሚቈጥሩበት አገር፥ ንጉሥ ዶማ መጨበጡ ከነነዌው ንጉሥ በዐመድ ላይ መቀመጥ ጋር የሚነጻጸር ምልክት ነው። ከዚህም በላይ ጥቅም ነበረው፤ ያለ በሬ ማረስ ያልተቻለውን መሬት በእጅ ቈፍሮ መዝራት እንደሚቻል አሳየ። ምሕላውና ዶማው አንዱ የሌላው ተቃራኒ ሆኖ አልታየም።

ይሁን እንጂ የዚህን ትርጓሜ ጕድለት መሸፈን አይገባም። ኀጢአት የሁሉ ነው በተባለ ጊዜ፥ የእያንዳንዱ በደል ስሙ ሳይጠራ ይቀራል። የዘመኑ ጦር ስንቁን የሚያገኘው ከባላገሩ ጓዳ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ. ም. መተማ ላይ ከወደቁ፥ ዐፄ ምኒልክም በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ. ም. ከነገሡ በኋላ፥ ብዙ ሠራዊት ወደ ትግሬ ዘመተ። የተራበው አገር የሠራዊት ቀለብ ተጨመረበት። ከብቱን የገደለው ደስታ ቢሆንም፥ የቀረችውን ቍና እህል የወሰደው ሰው ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1892 የወጣው የዐሥራት ዐዋጅ ትልቅ ትርጕም የሚያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው። ወታደር በባላገር ቤት ተሠርቶ መብላቱ ቀርቶ፥ ባላገሩ ከእህሉ ዐሥራት ለመንግሥት ጐተራ እንዲያገባ ታዘዘ። ልማዱ በሁሉም አገር ወዲያው ባይጠፋም፥ ዐዋጁ በምሕላው ጊዜ ሳይጠራ የቀረውን በደል በሕግ ስሙን ጠራው።

የደስታ በሽታ ከኢትዮጵያ መጥፋቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2008፥ ከዓለምም መጥፋቱ በ2011 ተረጋገጠ። ይህም የሆነው በክትባትና በብዙ አገሮች ኅብረት ነው። መንሥኤው በመታወቁ ግን ክፉ ቀን ያስነሣው ጥያቄ አብሮ አልተፈታም። በሽታው ከብቱን እንዴት እንደ ገደለ ሳይንስ ይናገራል፤ የማን ጐተራ እንደ ተዘጋና የማን እንደ ተከፈተ ግን የታሪክ ምርመራ ይጠይቃል። ስለዚህ በአንድ መዝገብ ላይ «የእግዚአብሔር ቍጣ» የሚለውን ቃል የሚያገኝ መርማሪ፥ ቃሉን እንደ አለማወቅ ምልክት ቈጥሮ ሊያልፈው አይገባም። ቃሉ ሸክሙን በማን ትከሻ ላይ እንደ ጣለ ቢመረምር ይሻለዋል፤ በረኃብተኛው ትከሻ ላይ ከሆነ ቃሉ የጨካኝ መሸሸጊያ ሆኗል፤ በባለ ጐተራውና በባለ ሥልጣኑ ላይ ከሆነ ግን ንጉሥን እንኳ ከዙፋን አውርዶ ዶማ ሊያስጨብጥ ችሏል።