ከቀበሌ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም፦ አለቃው ማን ነው?

በ1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ጣሪያ ሲያፈስ ተከራዩ አመልክቶ መጠበቅ ነበረበት።

የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ይህን ገለበጠው። ደረጃውና ጣሪያው የባለቤቶቹ የጋራ ንብረት ሆነ፤ የሚያስተዳድረውም የራሳቸው ማኅበር ነው።

ልማዱ ግን ከሕጉ ጋር አልተቀየረም። የውሃ ፓምፑ ሲበላሽ፣ የመዋጮው ሒሳብ ሲድበሰበስ፣ ባለቤቱ ደረጃ ላይ ቆሞ አስተዳዳሪውን ያማል፤ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ግን ይቀራል።

አስተዳዳሪ በሐሜት አይነሳም። የሚነሳው ጉባኤ ተጠርቶ፣ ሒሳብ ተጠይቆ፣ በድምፅ ተወስኖ፣ ቃለ ጉባኤ ተፈርሞ ነው።

የቀበሌ ተከራይ አስተዳዳሪውን መሻር አይችልም ነበር። የኮንዶሚኒየም ባለቤት ግን ይችላል፤ ስብሰባው ላይ ከተገኘ።