ፈታሹም ቁልፍ ይሻል፤ የከርነል ቁልፎችና የፍተሻ ማዕቀፋቸው ታሪክ

አንድ የሒሳብ መዝገብ ብቻ ባለበት መሥሪያ ቤት ሁለት ጸሐፊዎች ባንድ ጊዜ ሥራ ቢጀምሩ የሚደርሰው ጉዳት ለማንም ግልጽ ነው። አንደኛው በመዝገቡ ላይ 100 ብር የሚል ቀሪ ሒሳብ አንብቦ 10 ብር ለመደመር ሲሰናዳ፣ ሁለተኛውም ያንኑ 100 ብር አንብቦ 20 ብር ሊደምር ይነሣል። የመጀመሪያው 110 ብሎ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ደግሞ በላዩ ላይ 120 ብሎ ይጽፍበታል። ከሁለቱ አንዳቸውም በድምር አልተሳሳቱም፤ ይሁን እንጂ 10 ብር ጠፍቷል። ከዚህ የከፋው ነገር ግን ጸሐፊዎቹ በማግሥቱ ያንኑ ሥራ ቢደግሙት፣ አንዱ ከሌላው ጥቂት ስለቀደመ ብቻ፣ ሒሳቡ ትክክል ሆኖ መገኘቱ ነው። መርማሪ ቢላክም ሁሉም ነገር ደኅና ነው ብሎ ይመለሳል።

በኮምፒዩተር ውስጥ መዝገቡ ሜሞሪ ሲሆን፣ ጸሐፊዎቹ ደግሞ ትሬድ የሚባሉት ጎን ለጎን የሚካሄዱ ሥራዎች ናቸው። ዋና ዋናዎቹ መዝገቦች የሚጠበቁበት ክፍል ከርነል ይባላል፤ ይኸውም የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ሆኖ ፕሮሰሰሩን፣ ሜሞሪውንና ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን ለየፕሮግራሙ የሚያከፋፍል ነው። በአንድ ተራ ፕሮግራም ውስጥ የሚደርስ የመቀዳደም ስሕተት ያንኑ ፕሮግራም ብቻ ሲያበላሽ፣ በከርነል ውስጥ የሚደርሰው ግን መላውን ማሽን ይዞ ይወድቃል። እንዲህ ያለውን ስሕተት ለመከላከል የተፈለሰፈው ቁልፍ፣ ማለትም አንድ ትሬድ መዝገቡን ይዞ ሳለ ሌላው ደጅ እንዲቆይ የሚያስገድደው ደንብ፣ ከስድሳ ዓመት የሚበልጥ ታሪክ አለው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ችግሩን ቀድመው በግልጽ ካዩት ሰዎች መካከል ሆላንዳዊው ኤድስኸር ዳይክስትራ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአምስተርዳም የሒሳብ ማዕከል ሲሠራ፣ ኤሌክትሮሎጂካ ኤክስ-1 ለተባለው ኮምፒዩተር ኢንተረፕት የሚያስተናግድ ፕሮግራም ጽፎ ነበር። ኢንተረፕት ማለት አንድ መሣሪያ የታዘዘውን መጨረሱን ለማሳወቅ ፕሮሰሰሩን ከያዘው ሥራ አቋርጦ የሚጠራበት ደወል ነው። ደወሉ በየትኛው ትእዛዝና በየትኛው ትእዛዝ መካከል እንደሚያቃጭል አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ፣ አንድ ጊዜ የታየውን ስሕተት ደግሞ ለማየት አለመቻሉ የማይቀር ነው። ዳይክስትራን እጅግ ያሳሰበው ይኸው ነበር። በ1959 ዶክተርነቱን ያገኘበትም ጥናት በዚሁ ማሽን ላይ የተመሠረተ ነው።

የአገሩ ሰው ቴዎዶሩስ ዴከር ለሁለት ተጋሪዎች ብቻ የሚሆን ዘዴ አግኝቶ ነበር። ዳይክስትራ ደግሞ በ1965 ባሳተመው የአንድ ገጽ ጽሑፍ፣ ቁጥራቸው የቱንም ያህል የሆነ ኮምፒዩተሮች አንድ ሜሞሪ እየተጋሩ፣ ወሳኙን ሥራ በተራ በተራ ብቻ ሊገቡበት እንደሚችሉ አሳየ። በዚያው ዓመት በጻፈው ሌላ ጥናት ሴማፎር የሚለውን ስም ከባቡር ሐዲድ ምልክት ተውሶ፣ ፒ እና ቪ የተባሉ ሁለት የማይከፋፈሉ ተግባራትን አቀረበ፤ አንደኛው ለመግባት ፈቃድ መጠየቂያ፣ ሁለተኛው መልቀቂያ ነው። ቁልፍ ራሱ የሚያመጣውንም መዘዝ በዚያው አልዘነጋም። ሁለት ሥራዎች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ቁልፍ ይዘው የሌላውን ቁልፍ ሲጠባበቁ ሁለቱም ለዘለዓለም ቆመው ይቀራሉ፤ ይህንንም «የሞት እቅፍ» በሚል ስም ጠራው። ዛሬ ዴድሎክ የሚባለው ነው።

ዳይክስትራ በአይንድሆቨን የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር የሠራው ቲ.ኤች.ኢ. የተባለ ሲስተም በ1968 በታተመ ጽሑፍ ተገልጿል። ሲስተሙ የተሠራው በደርብ በደርብ ሲሆን፣ የታችኛው ደርብ ተፈትሾ ሳይጸድቅ የላይኛው አይቀጠልበትም። ከታች ያለው ደርብ ኢንተረፕቶቹን ሁሉ ዋጥ አድርጎ ስለሚያስቀራቸው፣ ከላይ ያለው ክፍል ስለ ደወል ሳይጨነቅ ሊፈተሽ ይችላል። በፍተሻው ጊዜ የተገኙት ስሕተቶች ተራ የአጻጻፍ ስሕተቶች ብቻ እንደነበሩም ዳይክስትራ ዘግቧል። እንዲህ ያለው ውጤት በትንሽ ቡድንና በትንሽ ሲስተም እንጂ በየትም ቦታ የሚገኝ አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር አስተምሯል፤ ፍተሻ ኋላ የሚለጠፍ ሥራ ሳይሆን፣ ሲስተሙ ሲነደፍ አብሮ የሚታሰብ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዩኒክስ ችግሩን በዘዴ አለፈው። የመጀመሪያዎቹ የዩኒክስ ማሽኖች አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ስለነበራቸው፣ ከርነል ውስጥ የገባ ሥራ ራሱ ፈቅዶ ካልተኛ በቀር በሌላ አይተካም ነበር፤ ከኢንተረፕት ለመጠበቅም ደወሉን ለጥቂት ጊዜ መዝጋት ይበቃ ነበር። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ቁልፍ ሳያስፈልግ ተኖረ።

ነገር ግን ያለ ቁልፍ መኖር ሁልጊዜ እንዲህ በሰላም አላለፈም። ቴራክ-25 የተባለው የካንሰር ጨረር ማከሚያ ማሽን ከ1985 እስከ 1987 ባሉት ዓመታት በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕሙማንን ከመጠን እጅግ በበለጠ ጨረር ጎድቷል፤ ሕይወታቸው ያለፈም አሉ። ማሽኑን ያንቀሳቅስ የነበረው ፒዲፒ-11 ኮምፒዩተር ለዚሁ ሥራ ብቻ የተጻፈ ትንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነበረው፤ በዚህም ሲስተም ውስጥ ብዙ ሥራዎች አንድ ሜሞሪ ያለ በቂ ጥበቃ ይጋሩ ነበር። በቴክሳስ ታይለር ከተማ በ1986 በደረሱት ሁለት አደጋዎች ኦፕሬተሯ የሕክምናውን ዓይነት በስሕተት ጽፋ ወዲያው አረመችው። ማግኔቶቹ ተስተካክለው እስኪያበቁ 8 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተደረገውን እርማት አንደኛው ሥራ ሲያየው ሌላው ሳያየው ቀረ። በሥራዋ የሠለጠነችና ፈጣን ኦፕሬተር ባትሆን ኖሮ ስሕተቱ ባልታየ ነበር። የሆስፒታሉ የፊዚክስ ባለሙያ ከእርሷ ጋር ሆኖ ደጋግሞ በመሞከር አደጋውን እንደገና ባይፈጥረው ኖሮም ምክንያቱ ተደብቆ በቀረ ነበር።

ቀደም ሲል የነበረው ቴራክ-20 ያንኑ ስሕተት በሶፍትዌሩ ውስጥ ይዞ ነበር። ሆኖም ጨረሩን የሚያግድ የብረት መቆለፊያ ስለነበረው ሰው አልጎዳም፤ ስሕተት መኖሩንም ማንም አላወቀም። ናንሲ ሌቨሰንና ክላርክ ተርነር በ1993 ባሳተሙት ጥናት እንደገለጹት፣ የቴራክ-25 ሶፍትዌር ክፍል በክፍል የተፈተሸው እጅግ በጥቂቱ ነበር፤ አብዛኛው ፍተሻ የተደረገው ማሽኑን በጠቅላላው በማስኬድ ነው። በጠቅላላው ማስኬድ ደግሞ ከላይ እንደተነገረው መርማሪ ነው፤ ጸሐፊዎቹ ሳይጋጩ በዋሉበት ቀን መጥቶ ደኅና ነው ብሎ የሚመለስ።

ፕሮሰሰሮች እየረከሱ በአንድ ማሽን ውስጥ ሁለትና አራት እየሆኑ ሲመጡ፣ የዩኒክስ ዘዴ ማብቃቱ ግድ ሆነ። ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው ሊኑክስ፣ በ1996 በወጣው 2.0 እትሙ ብዙ ፕሮሰሰር ላላቸው ማሽኖች ሲሰናዳ የተመረጠው መላ እጅግ ቀላል ነበር፤ ለመላው ከርነል አንድ ትልቅ ቁልፍ። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ አንድ በር፣ በሩም አንድ ቁልፍ እንዳለው ያህል ነው። ይህ ትልቅ ቁልፍ ሁለት እንግዳ ጠባዮች ነበሩት። አንድ ሥራ አንዴ የያዘውን ቁልፍ ደግሞ ደጋግሞ ሊይዘው ይችል ነበር፤ ቢተኛም ቁልፉ ከእጁ ተወስዶ ሲነቃ ይመለስለት ነበር። ለጊዜው የሚያመቹት እነዚህ ጠባዮች ኋላ ብዙ መከራ አመጡ፤ ምክንያቱም ቁልፉ የትኛውን መዝገብ እንደሚጠብቅ በየትም ቦታ አልተጻፈም። ቁልፉን አንሥቶ በትናንሽ ቁልፎች ለመተካት የፈለገ ሁሉ፣ መጀመሪያ ይህ ቦታ የተቆለፈው ከማን ለመጠበቅ ነው ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም ከኮዱ መካከል መፈለግ ነበረበት። ትልቁ ቁልፍ ጨርሶ የተወገደው በግንቦት 2011 በወጣው 2.6.39 እትም ነው። አሥራ አምስት ዓመት መፍጀቱ ከኮዱ ብዛት ይልቅ ከዚህ የመዝገብ ጉድለት የመጣ ይመስላል።

ቁልፎች ሲበዙ የሞት እቅፍም እንደዚያው በዛ። በ2006 በ2.6.18 እትም የገባው፣ ኢንጎ ሞልናርና አርያን ቫን ደ ቨን የሠሩት ሎክዴፕ የተባለው መቆጣጠሪያ ለዚህ የተበጀ ነው። ሎክዴፕ አደጋው እስኪደርስ አይጠብቅም። በአንድ ቦታ ቁልፍ ሀ ከተያዘ በኋላ ቁልፍ ለ እንደተያዘ ይመዘግባል፤ በሌላ ቀን በሌላ ቦታ ለ ተይዞ ሀ ከተጠየቀ፣ ሁለቱ ሥራዎች ከቶ ተገናኝተው ባያውቁም እንኳ ደንብ ፈርሷል ብሎ ይጮኻል። ይህ ከቀድሞው መርማሪ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ የሚመረምረው የዕለቱን ውጤት ሳይሆን የአሠራሩን ደንብ ነውና።

ኬዩኒት የተባለው የሊኑክስ ከርነል የክፍል ፍተሻ ማዕቀፍ ከጉግል መሐንዲሶች በ2018 ለከርነል ማኅበረሰቡ ቀርቦ፣ በጥር 2020 በወጣው 5.5 እትም ውስጥ ገባ። ዓላማው መላውን ማሽን ሳያስነሡ እያንዳንዷን የከርነል ክፍል ለብቻዋ መፈተሽ ሲሆን፣ መጀመሪያ በብዛት ይካሄድ የነበረው ሊኑክስን እንደ ተራ ፕሮግራም በሚያስኬደው በዩዘር ሞድ ሊኑክስ ላይ ነው። ይህም ለፍጥነት እጅግ ይመቻል። ነገር ግን ያን ጊዜ ዩዘር ሞድ ሊኑክስ በአንድ ፕሮሰሰር ብቻ ይሠራ ስለነበር፣ ሁለት ጸሐፊዎች በእውነት ባንድ አፍታ መዝገቡን ሲነኩ አያሳይም። በኋላ ማዕቀፉን በኪውኢሙ አማካይነት ብዙ ፕሮሰሰር ባለው ምናባዊ ማሽን ላይ ማስኬድም ተችሏል።

ለዚህ ታሪክ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የማዕቀፉ ውስጣዊ አሠራር ነው። ኬዩኒት እያንዳንዱን ፍተሻ በራሱ ትሬድ ያስኬዳል፤ ፍተሻው ሊቀጥል የማይችልበት ደረጃ ላይ ቢደርስ ያ ትሬድ ብቻ እንዲቆም፣ ከርነሉ ግን እንዲተርፍ ነው። ፍተሻው ራሱ ደግሞ ሌሎች ረዳት ትሬዶችን ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ፈታሹም እንደ ተፈታሹ ብዙ ጸሐፊ ያለበት መሥሪያ ቤት ሆነ፤ የራሱም መዝገቦች ነበሩት።

ከነዚህ አንዱ ፍተሻው አልፏል ወይስ ወድቋል የሚለው ምልክት ነው። ለዚህ ቁልፍ አልተደረገለትም፤ በቁልፉ ፋንታ ደንብ ተጻፈለት። ምልክቱ ሲጀመር «አልፏል» የሚል ሆኖ፣ በፍተሻው ጊዜ ወደ «ወድቋል» ብቻ ይለወጣል እንጂ አይመለስም። ሁለት ትሬዶች ባንድ አፍታ «ወድቋል» ብለው ቢጽፉ የሚጠፋ ነገር የለም። በአንጻሩ፣ ምልክቱ የሚነበበው ከፍተሻው ጋር የተያያዙት ትሬዶች በሙሉ ካበቁ በኋላ ብቻ ነው፤ ይህም በኮዱ አጠገብ በግልጽ ሰፍሯል። ትሬዶቹን ሳይጠብቅ የሚያልፍ የፍተሻ ጸሐፊ ገና ያልተነገረ ውድቀትን «አልፏል» ብሎ ሊያነብ ይችላል።

ሁለተኛው መዝገብ ፍተሻው የተበደራቸው ነገሮች፣ በተለይም የሜሞሪ ቁራጮች፣ ዝርዝር ነው። ፍተሻው ሲያበቃ ሁሉም በተወሰዱበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ይመለሳሉ፤ ኋላ የተወሰደው በፊት በተወሰደው ላይ ተደግፎ ሊሆን ይችላልና። ከማናቸውም ትሬድ አዲስ ነገር ሊጨመርበት ስለሚችል ይህ ዝርዝር በእርግጥ ቁልፍ ያስፈልገዋል። የተመረጠለትም ስፒንሎክ ነው፤ ይኸውም ጠባቂው ሳይተኛ እየተሽከረከረ ደጋግሞ በሩን የሚሞክርበት የቁልፍ ዓይነት ነው። በጽዳቱ ጊዜ የተደረገው ጥንቃቄ ሊስተዋል ይገባዋል። ማዕቀፉ ቁልፉን ይይዝና የመጨረሻውን ነገር ከዝርዝሩ ያወጣል፤ ከዚያም ቁልፉን ለቅቆ ነገሩን ይመልሳል፤ ለሚቀጥለው ደግሞ ቁልፉን እንደገና ይይዛል። አንዱን ነገር የሚመልሰው ተግባር ሌላ ነገር ከዝርዝሩ ሊያስወጣ ስለሚችል፣ ቁልፉ ተይዞ ቢጠራ ኖሮ ራሱን በራሱ ደጅ በዘጋ ነበር።

ይህ ሁሉ ታስቦበትም አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ እርሱም ዳይክስትራን በአምስተርዳም ያሳሰበው ኢንተረፕት ነው። በ2021 ስለብ የተባለውን የከርነል ሜሞሪ አከፋፋይ በኬዩኒት ለመፈተሽ ሲታቀድ፣ አከፋፋዩ ስሕተት ሲያገኝ የፍተሻውን ዝርዝር መመልከት አስፈለገው፤ ይህንንም የሚያደርገው ኢንተረፕት በተዘጋበት ሁኔታ ነበር። የማዕቀፉ ቁልፍ ግን የሚያዘው ደወሉ ክፍት እንደሆነ ነው። አንድ ፕሮሰሰር ቁልፉን ይዞ ሳለ ደወል ቢደወልና ለደወሉ መልስ የሚሰጠው ኮድ ያንኑ ቁልፍ ቢጠይቅ፣ ጠያቂው ቁልፉ እስኪለቀቅ ይሽከረከራል፤ ቁልፉን የያዘው ደግሞ ጠያቂው ሥራውን ሳይጨርስ ወደ ሥራው ሊመለስ አይችልም። ይህ የሞት እቅፍ በአንድ ፕሮሰሰር ብቻ የሚፈጸም ነው። ሎክዴፕም ከሚቆጣጠራቸው ደንቦች አንዱ ይኸው ስለሆነ፣ ዝም ብሎ የሚያልፈው አልነበረም።

መፍትሔው የጥቂት መስመሮች ለውጥ ነበር። የማዕቀፉ ቁልፍ በሚያዝበት ቦታ ሁሉ የዚያ ፕሮሰሰር ኢንተረፕት አብሮ እንዲዘጋ፣ ቁልፉ ሲለቀቅም ቀድሞ ወደነበረበት ሁኔታ እንዲመለስ ተደረገ። ለውጡን ያቀረበው የሜሞሪው ክፍል ኃላፊዎች አንዱ የሆነው ቭላስቲሚል ባብካ ሲሆን፣ የስለብ ፍተሻና የታረመው ቁልፍ አብረው በነሐሴ 2021 በወጣው 5.14 እትም ውስጥ ገቡ።