ደኅና የተባለው ዕጢ

በ1831 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሌብላን የተባለ ፈረንሳዊ የእንስሳት ሐኪም በፈረስ የራስ ቅል ሥር ያገኘውን ዕጢ «ደርሞይድ»፣ ማለትም ቆዳ መሰል፣ ሲል ሰየመው። ስሙ ውሎ አድሮ በሴት እንቁልጢ፣ በተለምዶ ኦቫሪ በሚባለው የዘር ፍሬ ማኅደር፣ ለሚበቅል አንድ እንግዳ ዕጢም ተሰጠ። ይህ ከረጢት መሰል ዕጢ ሲከፈት ቅባትና ጠጉር፣ አልፎ አልፎም አጥንትና ጥርስ ይገኝበታል። ጀርመናዊው የፓቶሎጂ ሊቅ ሩዶልፍ ፊርሆ በ1863 ዓ.ም. «ቴራቶማ» ሲለው ስሙን የወሰደው አስፈሪ ፍጥረት የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ነው።

የምሥጢሩ መፍቻ ከመቶ ዓመት በላይ ዘገየ። በ1975 ዓ.ም. ሊንደር የተባለው ተመራማሪና የሥራ ባልደረቦቹ የዕጢውን የዘር ቅንጣቶች ከሴትዮዋ ቅንጣቶች ጋር በማነጻጸር፣ ዕጢው የወንድ ዘር ሳይነካው ከሴትዮዋ ከራሷ የእንቁላል ሕዋስ እንደሚነሣ አሳዩ። ስለሆነም የፅንስ ቅሪት አይደለም።

ይሁን እንጂ ሐኪሞችን ይበልጥ ያሳሰባቸው ሌላ ጉዳይ ነው። ዕጢው በአብዛኛው ጉዳት የሌለው ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው ቆዳ እውነተኛ ቆዳ ነውና እንደ ማንኛውም ቆዳ በነቀርሳ ሊለከፍ ይችላል። ይህ የሚደርሰው ከመቶ በሁለቱ ገደማ ወይም ከዚያ ባነሱት ላይ ሲሆን፣ ከሚከሰተው ነቀርሳ አብዛኛው ከቆዳው የላይኛው ሽፋን የሚነሣው ዓይነት ነው። ደርሞይድ በብዛት የሚታየው በወጣት ሴቶች ላይ ሲሆን፣ የነቀርሳው ለውጥ ግን ይበልጥ የሚያሠጋው ዕድሜያቸው ከ45 ዓመት ያለፈውንና ዕጢያቸው ከ10 ሳንቲ ሜትር የበለጠውን ነው። ነቀርሳው ከከረጢቱ ሳይወጣ ከተደረሰበት የመዳን ተስፋ አለ፤ ካለፈ ግን ተስፋው እጅግ ይመነምናል።

ታዲያ ሆድ ሳይቀደድ ውስጥን ማየት እንዴት ይቻላል? ሮንትገን በ1895 ዓ.ም. ያገኘው ጨረር ጥርሱንና አጥንቱን ማሳየት ቢችልም የለስላሳውን ሥጋ ዝርዝር አልገለጠም። ቀጣዩ እርምጃ ከፋብሪካ መጣ። በጦርነቱ ጊዜ በአየር ኃይል ያገለገለው የግላስጎው የማኅፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ በ1955 ዓ.ም. ከሕሙማን የወጡ ዕጢዎችን በመኪና ጭኖ ሬንፍሩ ወደሚገኘው የባብኮክና ዊልኮክስ ቦይለር ፋብሪካ ሄደ። በዚያም የብየዳ ስንጥቅ የሚፈተሽበት የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ውሃ የቋጠረውን ዕጢ ከድፍኑ ለይቶ አሳየ። ቶም ብራውን የተባለ ወጣት የኬልቪንና ሂዩዝ ኩባንያ መሐንዲስ ደግሞ መሣሪያውን ለሰው አካል እንዲስማማ አድርጎ ሠራው። ሁለቱ ከሐኪሙ ማክቪካር ጋር በ1958 ዓ.ም. ውጤቱን በላንሴት መጽሔት አሳተሙ። በዚሁ የሙከራ ዘመን የማይድን የጨጓራ ነቀርሳ አለባት ተብላ ተስፋ የተቆረጠባት አንዲት ሴት፣ መሣሪያው ያሳየው ትልቅ የእንቁልጢ ከረጢት ሆኖ ተገኘ፤ ዕጢው ጉዳት የሌለው ነበርና በቀዶ ሕክምና ወጥቶላት ዳነች።

ያቺ ሴት በስሕተት ነቀርሳ አለባት ተብላ ነበር፤ የደርሞይድ ሥጋት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ደኅና የተባለው ነቀርሳ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ዛሬ አልትራሳውንድ፣ ሲቲና ኤምአርአይ ቅባቱንና ጠጉሩን ለይተው ያሳያሉ፤ በከረጢቱ ግድግዳ ላይ ገና የጀመረ ትንሽ ነቀርሳ ግን ሊያመልጣቸው ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው ፍርድ ዕጢው ከወጣ በኋላ ግድግዳውን በማይክሮስኮፕ ለሚመረምረው ባለሙያ የተተወ ነው። መሣሪያ የሠራ መሐንዲስም የመሣሪያውን ወሰን ጭምር ማሳወቅ የሥራው አካል መሆኑን ይህ ታሪክ ያስረዳል፤ «ደኅና» የሚለው ቃል እስካሁን የታየውን የሚመሰክር እንጂ ለነገ ዋስትና የሚሰጥ አይደለምና።