ግሽ አባይ፦ ከምንጩ ባሻገር

ግሽ አባይ ሲባል በብዙዎች አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ምንጩ ነው፤ አይገርምም። የሰከላ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ደጋማ ከተማ ስሟ ከውሃው ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ግልገል አባይ ከዚህ ተነስቶ ጣና ይገባል። አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጥተው ሳይረጥቡ እንደተመለሱላቸው የሚነገረውን ትውፊት የአካባቢው ልጅ ሁሉ ሰምቶ ያድጋል።

ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ምንጩን ያየው ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር መጥቶ በ1618 እ.ኤ.አ. ነው። በ1770 እ.ኤ.አ. የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን ከእርሱ በፊት አውሮፓዊ እንዳልረገጠው አድርጎ ተከራከረ። አጠገቡ ሲያርስ የኖረውን ገበሬ ማን ቀደመ ብሎ የጠየቀው አልነበረም!

ለእኛ ለኅብረት ሥራ ሰዎች የሚጠቅመው የብሩስ ጽሑፍ ሌላ ቦታ ላይ ነው። የአገው ገበሬዎች ቅቤ፣ ማር፣ ሰም፣ ስንዴና ከብት ይዘው፣ አንዳንዴ ከሺህ በላይ ሆነው፣ በየተራ ጎንደር ድረስ ይወርዱ እንደነበር፣ ከተማዋም በእነርሱ ምርት ትኖር እንደነበር ጽፏል። ቅቤው በረጅሙ መንገድ እንዳይበላሽ መቅመቆ ይጨምሩበት ነበር። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ገረመኝ፤ በጋራ መጓዝም፣ ምርትን ከብልሽት መጠበቅም ከኮሌጅ የተማርነው ብቻ መስሎኝ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተለዋውጧል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬው በማኅበር ተደራጀ፤ ነገር ግን የዚያ ዘመን ማኅበር በአመዛኙ ከላይ የሚታዘዝ ስለነበር ስሙ ዛሬም ሽማግሌዎችን ያስደነግጣል። በፈቃደኝነት ላይ የቆመው አደረጃጀት ሕጋዊ መሠረት ያገኘው በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ነው። ዩኒየኖችም ከዚያ ወዲህ ተስፋፉ።

ድንች ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለሆነ ብሩስ አላየውም። ዛሬ ግን ከገብሱ ጎን የደጋው ገበሬ ተስፋ ነው። ችግሩ፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲቆፍር ዋጋው ይወድቃል፤ ማቆያ የሌለው ገበሬ ለዘር የሚሆነውን ጭምር ይሸጥና በተከላ ወቅት በውድ ይገዛል። ለቅቤው መቅመቆ ተገኝቶለት ነበር፤ ለድንቹ ብርሃን የሚያስገባ፣ አየር የሚያንሸራሽር የዘር ማስቀመጫ ከእንጨትና ከሣር ክዳን መሥራት ይቻላል። ጉዳዩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በአጀንዳነት ቢያዝ፣ አሠራሩን በየቀበሌው እየዞርኩ ለማሳየት ዝግጁ ነኝ።