የጀልዴሳና የጋራዋ ዜና

የሐረርጌ ደጋ ወደ ኢሳ ሜዳ በድንገት በሚወርድበት ግርጌ፣ ከድሬዳዋ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ጀልዴሳ ትገኛለች። ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ካሉት የገጠር ቀበሌዎች አንዷ ናት። ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት ግን ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ ሐረር ለመግባት የሚሻ ነጋዴም መልእክተኛም ወታደርም በዚህች ቦታ ያልፍ ነበር። ታሪኳን የሚጽፍ ሰው ሹመትና ዘመቻ ስለማያጣ ከመኳንንቱ ሊጀምር ይችላል። እኔ ግን ዜናዋ መጀመር ያለበት ከበላይዋ ካለው ጋራ ነው እላለሁ። ያቆማት ጋራው ነው፤ ያስረሳትም እሱው ነው፤ ወደፊትም ውሃ ማግኘቷም ሆነ በደለል መቀበሯ የሚወሰነው ጋራው በሚያዝበት አያያዝ ነው። ስለዚህም ከደንገጎ አንሥቶ እስከ ጃርሶ ያለው ተረተር እንደ አንድ አገራዊ ደን፣ በአንድ አደራ ሊጠበቅ ይገባዋል። ማስረጃውን በዘመን ቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አስቀድሞ የምድሩ ነገር። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስትቀመጥ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ በመካከላቸው ያለው ተረተር ደግሞ ከሐረርም ይበልጣል። ይህ ሁሉ ከፍታ የሚወጣው በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። ከሥር ያለው ጥንታዊው ጥቁርና ግራጫ ጠንካራ ድንጋይ ነው፤ በላዩ አሸዋማው ድንጋይ፣ ከዚያም የኖራው ድንጋይ ተደርቧል፤ አንዳንዱ ጫፍ ላይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። የኖራው ድንጋይ ስንጥቅና ዋሻ የበዛበት ስለሆነ ዝናቡን ውጦ ያኖረዋል፤ በግርጌው ያሉት ምንጮችና ጉድጓዶች የሚኖሩት ከዚህ ነው። ግን ውሃው ወደ ስንጥቁ እንዲገባ ጊዜ ያስፈልገዋል። ጊዜ የሚሰጠው ደግሞ አፈሩ፣ አፈሩን የያዘው ሥር፣ ሥሩ ላይ የወደቀው ቅጠል ነው። እነዚህ በሌሉበት ያው ዝናብ በደረቁ ወንዝ ይወርዳል፤ ጀልዴሳን አልፎም በአዋሽ ተፋሰስ ምሥራቃዊ ዳርቻ አሸዋ ውስጥ ይጠፋል። ዓመቱን ሙሉ ወደ ባሕር የሚፈስ ወንዝ በዚያ በኩል የለም።

አሁን ወደ ዘመኑ ነገር እንመለስ። በ1868 ዓ.ም. የግብፁ ራውፍ ፓሻ ከዘይላ ተነሥቶ ሐረርን ያዘ፤ ግብፆችም አሥር ዓመት ያህል ቆይተው በ1877 ዓ.ም. ለቀው ወጡ። ሐረር ለአሚር አብዱላሂ ሆነች። በ1878 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የኢጣሊያው ኮንት ፖሮና ባልንጀሮቹ ወደ ሐረር ሲጓዙ ጀልዴሳ አጠገብ አርቱ በተባለ ስፍራ በአሚሩ ሰዎች ተገደሉ። ዓመት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 1879 ዓ.ም.፣ በልደት ዕለት፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ አሚሩን ጨለንቆ ላይ ድል ነሡ፤ አገሩንም ለደጃዝማች፣ በኋላ ራስ ለተባሉት ለመኰንን ሰጡ። በዚህ ሁሉ የሥልጣን መለዋወጥ መሐል ጀልዴሳ ሥራዋን አልለወጠችም። ከዘይላ የሚነሣው ሲራራ በአባን፣ ማለትም መንገዱን በሚያስጠብቅ የአገር ሰው ዋስትና፣ በኢሳ ግመሎች ሜዳውን ሁለት ሦስት ሳምንት አቋርጦ ጀልዴሳ ይደርሳል። እዚያ ግመሉ ይንበረከካል፤ የጨርቁ ጥቅል፣ ጨውና ጠመንጃው ይወርዳል። የሜዳው ግመል ያንን አቀበት በሸክም ስለማይደፍረው ጭነቱ ተከፋፍሎ በአህያና በበቅሎ ይጫናል፤ ከሐረር የመጣው ቡናና ቆዳ ደግሞ ከአህያ ወርዶ ወደ ግመል ይሻገራል። የግመሉ ባለቤት ኢሳ ነው፤ የአህያው ነጂ የደጋው ኦሮሞ ነው። ተቀጣጥረው የሚገናኙት፣ ዋጋ የሚነጋገሩት፣ የሚጣሉትና የሚታረቁት በጋራው ግርጌ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ነጋዴ አርተር ራምቦ በ1883 ዓ.ም. ጉልበቱ ታሞ በቃሬዛ ከሐረር ወደ ዘይላ ሲወርድ ያለፈው በዚህችው ጀልዴሳ ነው። ስለዚህ የጀልዴሳ ንግድ የሜዳው ስጦታ አልነበረም። ጋራው ባይኖር ግመሉ በቀጥታ ሐረር ይገባ ነበር፤ ጀልዴሳም ባላስፈለገች።

ያው ጋራ መልሶ ጣላት። በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱም መጀመሪያ ሐረር ይገባል ተብሎ ታስቦ ነበር። መሐንዲሶቹ ግን ተረተሩን አይተው ወጪው እንደማይቻል ተረዱ። ሐዲዱ ከጅቡቲ መጥቶ በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ሜዳው ላይ ቆመ፤ በዚያም መጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ድሬዳዋ ተመሠረተች። ግመል የጫነውን ባቡር ጫነው፤ የጭነት መለዋወጫው ስፍራም ወደ አዲሲቱ ከተማ ተዛወረ። ጀልዴሳ በጦርነት አልወደመችም፤ በወረርሽኝም አላለቀችም። መንገዱ ብቻ ተዋት። አንዲት ከተማ ስትወድቅ ጠላት መፈለግ ለለመደ ታሪክ ጸሐፊ ይህ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር ነው።

ጋራው እንደ ደን ይጠበቅ ስል ግን ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፦ ይህ ጋራ ደን ነበረ ወይ? ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት ከመቶው አርባ እጅ በደን ተሸፍና ነበር የሚለው ወሬ በየመድረኩ ይደጋገማል፤ አሜሪካዊው የታሪክ ሊቅ ጄምስ ማካን ደግሞ ይህ ቁጥር የታሪክ መሠረት እንደሌለው ተከራክሯል። ማካን እውነት አለው ብዬ አምናለሁ። የሐረርጌ ደጋ ከጥንት ጀምሮ የታረሰና የተረገጠ ምድር ነው፤ በድሬዳዋ ዙሪያ ባሉት እንደ ሌጋ ኦዳ ባሉ ዋሻዎች ግድግዳ ላይ የከብት ሥዕሎች መኖራቸው እረኝነቱ የቅርብ ነገር እንዳልሆነ ይመሰክራል። ግን የእኔ ነገር በዚያ ቁጥር ላይ አልቆመም። በዚሁ ሰንሰለት ላይ፣ በጋራ ሙለታና በጨርጨሩ ዲንዲን፣ ጥድና ወይራ ዛሬም አሉ፤ ስለዚህ ይህ ከፍታና ይህ ዝናብ የትኛውን ዛፍ እንደሚያበቅል ከመጽሐፍ ሳንጠይቅ ከምድሩ እናውቃለን። ጥያቄው ጋራው ድሮ ምን ያህል ለብሶ ነበር የሚለው አይደለም። ዛሬ ከሥሩ ለሚኖረው ሕዝብ ምን ያህል መልበስ አለበት የሚለው ነው።

መንግሥት ደንን በአዋጅ መጠበቁም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የመናገሻን ደን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል፤ ደኑ ዛሬም አለ። በ1957 ዓ.ም. የወጡት የደን አዋጆች የመንግሥትን፣ የግልንና የጥበቃን ደን ለይተው ደነገጉ። በደርግ ዘመን 58 ቦታዎች ብሔራዊ የደን ቅድሚያ ቦታ ተብለው ተለዩ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ የማኅበረሰብን የደን ባለቤትነት በሕግ አወቀ። ሕግ አልጎደለንም። የጎደለን ነገር አዋጁ ደጋውን ደን ሲቆጥር ቆላውን አብሮ አለመቁጠሩ ነው፤ ደኑን የሚለካው በዛፉ ብዛት እንጂ ከሥሩ በሚኖረው ሰው አይደለም።

የዚህ ጉድለት ዋጋ በ1998 ዓ.ም. ታየ። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ በደጋው ዶፍ ጣለ፤ ጎርፉም በደቻቱ ወንዝ ወርዶ እንቅልፍ ላይ ያለችውን ድሬዳዋን መታ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብ ቤቱን አጣ። እንዲህ ያለውን ዝናብ ደን ባልመለሰውም ነበር የሚሉ አሉ፤ ይህም በከፊል ልክ ነው። ደን የዶፉን መጠን አይቀንስም። የጎርፉን ፍጥነትና የሚጎትተውን ድንጋይና ጭቃ ግን ይቀንሳል። ሰው የሚገድለውና ቤት የሚደረምሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ጭነት ነው። ደጋው ራሱም አላመለጠም፤ ለሐረር ውሃ ያጠጣ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ከመስኖው፣ ለከተማ ከሚቀዳው ውሃና ከጫት እርሻው ጋር ከየኮረብታው የታጠበው ደለል አንዱ ምክንያት ነበር። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል፤ ይህም ለተጎዳ ምድር ተስፋ እንዳለው ያሳያል። ሐይቁ በደረቀ ጊዜ ግን ሐረር ውሃ ያገኘችው ከድሬዳዋ ቆላ በተቆፈሩ ጉድጓዶች፣ አቀበቱን በፓምፕ ተገፍቶ ነው። ጋራው ለቆላው ይሰጥ የነበረውን ቆላው ለጋራው መለሰ።

ሌላው ተቃውሞ የገበሬው ነው፤ እሱም ከሁሉ ይከብዳል። በሐረርጌ ደጋ፣ በኮምቦልቻና በጃርሶ ያለው ገበሬ እጅግ ጠባብ መሬት ላይ በእርከን ማሽላና ጫት ያበቅላል፤ ጋራውን ከልሉ ማለት ከዳቦው ላይ ቁረሱ እንደማለት ሊሰማው ይችላል። ስለዚህ መከለል የሚገባው ሁሉም ቁልቁለት አይደለም፤ ማረሻ ያልደረሰበት ገደልና የወንዙ መነሻ ነው። ጥበቃውም ከዘበኛ ይልቅ የሣርና የማገዶ ጥቅሙን በሚካፈለው በአካባቢው ሕዝብ እጅ ቢሆን ይሻላል። ዛፍ ውሃ ይጠጣል የሚለውም ከንቱ ነገር አይደለም፤ ባሕር ዛፍ በምንጭ ዳር ሲተከል ምንጩ እንደሚነጥፍ ገበሬው ያውቃል። ዛፍ ሁሉ ደን እንዳልሆነ የጀልዴሳ ሜዳ ራሱ ምስክር ነው፤ በድሬዳዋ አካባቢ በረሃን ይገታል ተብሎ የተተከለው ፕሮሶፒስ የተባለ ዛፍ ሣሩን አጥፍቶ የአርብቶ አደሩን ግጦሽ ወርሷል። እንግዲህ ቆላውን አረንጓዴ በማድረግ ብቻ ቆላውን ማዳን አይቻልም። ሥራው ያለው ላይ፣ ጥዱና ወይራው በሚበቅልበት ተረተር ላይ ነው።

ጋራው የሚታረሰው በኦሮሚያ ክልል ነው፤ ጎርፉ የሚወርደው በድሬዳዋ አስተዳደር ነው፤ አሸዋው የሚያርፈው በሶማሌ ክልል ሜዳ ነው። አንዱ ችግኝ ሲተክል፣ አንዱ በወንዙ ዳር የሽቦና የድንጋይ ግንብ ሲሠራ፣ ሦስተኛው እርዳታ ሲጠይቅ ገንዘቡ ሦስት ጊዜ ይወጣል፤ ጋራው ግን እንደተራቆተ ይቀራል። ስለዚህ የሦስቱ አስተዳደሮች ሹማምንት ይህን ተረተር በአንድ የተፋሰስ ሰነድ፣ በአንድ በጀት እንዲይዙት፤ በየክረምቱም የተተከለውን ሳይሆን የጸደቀውን ቆጥረው ለሕዝብ እንዲያሳውቁ፤ ሲመክሩም የጀልዴሳን ሽማግሌዎች ከደጋው ገበሬዎች ጋር አብረው እንዲያስቀምጡ እለምናለሁ።