የባርባራ ጆርዳን ሁለት ሽንፈቶች

አሜሪካኖች ባርባራ ጆርዳንን ሲያነሡ የሚያስታውሱት እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. ያሰማችውን ንግግር ነው፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ይከሰስ አይከሰስ በተባለበት የኮንግረስ ኮሚቴ ፊት የተናገረችውን። እኔን ግን የሚያስደንቀኝ ከዚያ በፊት የነበረው የቴክሳስ ዘመኗ ነው።

በ1936 ሂውስተን ተወለደች። በ1959 ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቃ ስትመለስ፣ ጥብቅናዋን የጀመረችው በወላጆቿ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነበር። በ1962 እና በ1964 ለቴክሳስ የተወካዮች ምክር ቤት ተወዳድራ ሁለቱንም ጊዜ ወደቀች። ጥቁሮች ደግፈዋት ነበር፤ ነገር ግን ድምፅ የሚሰጠው በመላው የሃሪስ አውራጃ በመሆኑ የእነርሱ ድምፅ በነጮቹ ብዛት ተዋጠ።

በ1964 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የምርጫ ክልሎች በሕዝብ ብዛት ይመጣጠኑ ሲል ፈረደ። የሂውስተን ካርታም እንደገና ተሠመረ። በ1966 ያቺው ጠበቃ፣ በዚያችው ከተማ፣ ለቴክሳስ ሴኔት ተወዳድራ አሸነፈች። ከ1883 ወዲህ በዚያ ወንበር የተቀመጠ ጥቁር አልነበረም፤ ከ31ዱ ሴናተሮች መካከል ሴት እርሷ ብቻ ነበረች።

የቴክሳስ የመጀመሪያው የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ እንዲወጣ ታገለች። በ1972 ባልደረቦቿ የሴኔቱ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት አድርገው መረጧት፤ በዚያው ዓመት ለኮንግረስ ተመረጠች። በ1996 ዐረፈች።

ታሪኳን ብዙዎች የጽናት ምሳሌ አድርገው ያወሩታል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጽናቱም አንደበቱም በ1962 አብረዋት ነበሩ። የጎደለው ያ በካርታ ላይ የሚሠመር ቀጭን መስመር ነበር።